ለኳስ የተሳልሁት ጃንጥላ

ውዴ አያሌው፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቤቱ እንደተውኸው ነው እንዳልልህ፣ ሬዲዮህን ልጅህ ወርሳዋለች፤ በሩም የሚያስተካክለው ጠፍቶ ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል ይውላል። ከሁሉ የባሰ የተለወጥሁት ግን እኔ ነኝ። በሳቅ እንዳትሞትብኝ ልልህ ነበር፤ ለካ ሞተሃል።

የከተማችን ቡድን በተጫወተ ቁጥር ጧፍ ይዘህ ጊዮርጊስ ደጅ ስትሮጥ እንዴት እንደምቆጣህ ትዝ ይልሃል? ሰው ለታመመ፣ ለወላድ፣ መንገድ ለሄደ ይለምናል እንጂ ለኳስ ቅዱስ ያስቸግራል? እልህ ነበር። አንተ ደግሞ ጫማህን እያሰርህ፣ ተጋጣሚዎቹም እየለመኑ ስለሆነ እኔ ዝም ካልሁ የነሱ ብቻ ይሰማል ትለኝ ነበር።

ባለፈው ወር የሰፈራችን የግሽ አባይ ሴት ልጆች ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ከሌላ ሰፈር ጋር ተጋጠሙ። በረኛዋ ትዕግሥት ናት፣ ያችው ልጅህ። እኩል ወጡና በመለያ ምት ሆነ። ለዚያኛው ሰፈር የመጨረሻዋን ምት የምትመታው የጥሩነሽ ልጅ ናት። ጥሩነሽ፣ የማኅበር ጓደኛዬ፣ አጠገቤ ቆማለች። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጊዮርጊስዬ፣ ልጄ ኳሷን ከያዘችልኝ ጥልፍ ጃንጥላ አገባልሃለሁ አልሁ። ጥሩነሽም ዓይኗን ጨፍና ለዚያው ለጊዮርጊስ፣ ያንኑ ጃንጥላ ስትሳል እሰማታለሁ። ምቱን ሁለታችንም አላየነውም። በጩኸቱ ዓይናችንን ስንገልጥ ገብቷል።

ትዕግሥት እየሳቀች መጣች። ያለቀስሁት እኔ ነኝ። ጥሩነሽ አቅፋኝ፣ አይዞሽ እህቴ፣ ጃንጥላውን ሳገባ አብረሽኝ ትሄጃለሽ አለችኝ። ይባስ አናደደችኝ።

በሃያ ሦስት፣ በጊዮርጊስ ቀን፣ ደጁ ሄጄ ተጣላሁት። አያሌው የታመመ ጊዜ ተሳልሁልህ፣ እንቢ አልህ፤ አሁን ለኳስ እንኳ ትነፍገኛለህ? እያልሁ ስወቅሰው ቆየሁና መሃል ላይ ደነገጥሁ። ካንተ ቀብር ወዲህ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፣ ቅዳሴም አስቀድሳለሁ፣ ግን አንድም ነገር ለምኜ አላውቅም ነበር። አኩርፌ ነበር፣ አያሌው። አንተን ከወሰደ ምን ቀረኝ ብዬ ለምን እለምናለሁ? ያን ሁሉ ጊዜ የዘጋሁትን አፌን የከፈተው ኳስ ነው።

ስለዚህ ረትተኸኛል። ለኳስ መጸለይ ይገባል አይገባም እያልሁ ዳግም አልከራከርህም።

እሑድ ደግሞ ይጫወታሉ። አትስጋ፣ ተራህን አልነጥቅህም፤ ደጁ በቆምሁ ቁጥር መጀመሪያ የአያሌውን ነፍስ አስምርልኝ እላለሁ፣ ኳሱን የማነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለቤትህ የሺ