መሰላል፦ ዜሮ

ጥቅምት 2003 ዓ.ም.
ለክቡር ኦቦ ነገራ፣ የምርጫ ጣቢያችን ኃላፊ
(ሰው ሁሉ እንዲያነበው በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ የሚለጠፍ)

ብዕሩን የያዘችው ጎረቤቴ፣ የጤና ጣቢያዋ ሠራተኛ አመለሸጋ ናት። ቃሉ ግን የእኔ የዓብዲሳ ስለሆነ፣ የሚያስቀይምዎት ነገር ቢኖር እኔን ያስጠሩኝ፣ እሷን አይንኩብኝ። አካም ጅርቱ፣ እንደምን አሉ ኦቦ ነገራ? ባለቤትዎስ፣ ከብቱስ? ልጆችዎ ቤት ይመጣሉ ወይ? እግዚአብሔር በጤና ያቆይልን፤ እርስዎ ባይኖሩ እኛን የአምቦ ዳርቻ ሰዎች ማንን እንደመረጥን ማን ይነግረን ነበር?

የግንቦቱ የክልል ምክር ቤት ምርጫ ባማረ ሁኔታ ስለተፈጸመ እንኳን ደስ ያለዎት። በለጠፉት ወረቀት ላይ የተመዘገበ 812፣ የመረጠ 812፣ ለድርጅታችሁ 812 ይላል አሉ። አንድ የታመመ፣ አንድ ለቅሶ የሄደ፣ አንድ የተሳሳተ ሰው አልተገኘም። እኔ ስድስት ከብት ስነዳ እንኳ አንዱ ያፈነግጥብኛል።

ከሥሩ ደግሞ «መሰላል፦ ዜሮ» ተብሏል። መሰላል በግሉ የተወዳደረው የልጄ የሞቲ ምልክት ነው። ሞቲ አምቦ ያስተምር ስለነበር የተመዘገበው እዚያ ነው፤ የራሱ ድምፅ እዚህ ሳጥን ውስጥ የለም። የአባቱ ግን አለ። ስለዚህ ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ፣ ቁጥር ትወዳላችሁና።

1ኛ. ስለሰጡን ትምህርት አመሰግናለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ያደረጋችሁትን ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም ብለውን ነበር። አመንኩዎት። የአንድ ለአምስታችን አለቃ ሂርጳ በስብሰባ አስነስቶ ማንን እንደምመርጥ ሲጠይቀኝ፣ ማዳበሪያው እንዳይቀርብኝ ፈርቼ፣ ልጄን ትቼ የእናንተን ስም ጠራሁ። በሰባ ሁለት ዓመቴ በሰው ፊት ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው። መጋረጃው ያቃናዋል ብዬ ነው።

2ኛ. ፊደል ባላውቅም መሰላል አውቃለሁ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ መሰላሉ ላይ ተጫንኩ፤ ባለቤቴ ጉዴም እንደዚሁ። ምስጢራችንን ስለጠበቁልን ምስጋናችን የላቀ ነው። ከቆጠራው ሳይቀር ደበቁልን።

3ኛ. ሞቲ በማግስቱ ወረቀቱን አንብቦ ወደ ቤት መጣ። ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም። ጉዴ ማለች፣ እኔም ማልኩ፤ ሰርቀውን ነው አልኩት። «አባ፣ ሳጥኑን ተወው። በአፍህ ያልከውን ሰምቻለሁ» አለኝ። አልጮኸም። የእናቱን ጉልበት ስሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማስተማሩንም ትቷል፤ ስልኩ አይሠራም፤ አየሁት የሚል ሰው የለም። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ስለነበር ጉዴ አሁንም ቅዳሜ ከደጅ አትገባም። ይህ አምስተኛ ወሩ ነው።

4ኛው ቅሬታ አይደለም፣ ልመና ነው። ወንበሩ ይባረክላችሁ፤ ማንም የማይነቀንቀው ወንበር ነው። ስምንት መቶ አሥሩን ውሰዱ። ሁለቱን ብቻ መልሱልን። በቁራጭ ወረቀት «መሰላል፦ ሁለት» ብላችሁ ማኅተም አድርጉበትና ስጡን፤ ለልጄ የማሳየው እንዲኖረኝ። አናሸንፍም ብላችሁ እንዳትሰጉ፣ ማሸነፋችሁን እኔ ራሴ እመሰክርላችኋለሁ።

ለደከሙበት ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ከስምንት መቶ አሥራ ሁለቱ ታማኝ ቁጥሮችዎ አንዱ የሆንኩት ዓብዲሳ፣ አውራ ጣቴን እዚህ ላይ ተጫንኩ። በዚህኛው መጋረጃ የለም።

ግልባጭ፦
ለመምህር ሞቲ ዓብዲሳ፣ ላለበት ቦታ። ልጄ፣ በአፌ የበደልኩህ እውነት ነው። በጣቴ ግን አልበደልኩህም።

ማስታወሻ፦ ኦቦ ነገራ፣ ለሚቀጥለው ምርጫ ውጤቱን አስቀድመው ቢልኩልን እኛም ከሰልፍ፣ እርስዎም ከመቁጠር እናርፋለን፤ ልጆቻችንም ቤታቸው ይቀሩልናል።

በይ አመለሸጋ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። የሞቲ ስም ያለበት ስትደርሺ ቆም በይና በጣትሽ አሳዪኝ።