ድርጅቱ ሲፈርስ

ረቡዕ
ድርጅታችን ሊዘጋ ነው። መሥራቹ ቴሪ ለሁላችንም የስልክ መልእክት ላከ፤ የመጨረሻው ትርኢት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ፓርክ ሮያል ሰፈር ያለው፣ ትርኢት የምናሳይበት መጋዘን ፈርሶ አፓርትመንት ሊሠራበት ነው። በምሳ እረፍቴ አነበብኩት። ማዘን እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ሐዘኑ ግን አልመጣልኝም። ወደ ሳንድዊች ማሸግ ሥራዬ ተመለስኩ።

እንዳልረሳው ልጻፈው። ሆሎዌይ የሚባል ሰፈር፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ጀመርን፤ ወለሉ ላይ ደም ሲያዩ አባረሩን። ከዚያ ኬኒንግተን ሰፈር፣ መጠጥ ቤት ጓሮ፤ ጠረጴዛቸውን ሰባብረን ጨረስንባቸው። ከዚያ መጋዘኑ። የእኛ ሬስሊንግ በወንበርና በሽቦ መማታት፣ መድረኩ ላይ በተበተነ ስፒል ላይ መጣጣል ነው። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድመን እንነጋገራለን። ደሙ ግን የራሳችን ነው።

ሐሙስ
ራት ላይ ለአባዬ ድርጅቱ ሊፈርስ መሆኑን ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ማን ነው የከዳችሁ? ከውስጥ ነው ከውጭ?"

የአከራዩ ጉዳይ ነው አልኩት። ሁልጊዜም የሚባለው እንደዚያ ነው አለ።

ያኔ ገባኝ። ስንት ዓመት ሙሉ "ትግል አለብኝ"፣ "ድርጅቴ" ስለው ኖሬያለሁ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁት አማርኛ ይኸው ነው፤ ሬስሊንግ ትግል ነው፣ ቴሪ የሚመራው ነገር ደግሞ ድርጅት። አባዬ በወጣትነቱ በድርጅት ጉዳይ የታሰረ ሰው ነው። ትግል ለእሱ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ግንባሬ ተሰንጥቆ ስገባ ሰልፍ ላይ የተደበደብኩ ይመስለው ነበር። የድርጅት ነገር አይጠየቅምና አልጠየቀኝም። እኔ ደግሞ አለመጠየቁ ተመችቶኝ ነበር።

የሚያስቅ ነገር ነው። አልሳቅኩም።

ዓርብ
አባዬ ነገ አብሬህ እመጣለሁ አለኝ። ሱፉን አውጥቶ ተኮሰ። ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቹ "ልጄ ታጋይ ነው" ይላቸው እንደነበርም ዛሬ ነው የሰማሁት።

እውነቱን ብነግረው የሚኮራበት ነገር አይኖረውም። ባልነግረው ሱፍ ለብሶ ልጁ ስፒል ላይ ሲጣል ያያል። ልናገር ስል የትኛው ክራቫት ይሻላል ብሎ ጠየቀኝ። ሰማያዊው አልኩት። ጀግና ነኝ።

ቅዳሜ
አውቶቡስ ውስጥ ነገርኩት።

"አባዬ፣ የእኔ ትግል የፖለቲካ አይደለም። ሬስሊንግ ነው። ለተመልካች የምናሳየው።"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ይወርዳል ብዬ ጠበቅኩ። አልወረደም።

መጋዘኑ ውስጥ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ። የምገጥመው ከቴሪ ጋር ነው፣ የምሸነፈውም እኔ ነኝ። አንስቶ በጀርባዬ ስፒሉ ላይ ጣለኝ። ምንም አልተሰማኝም። ስነሳ አባዬን ፈለግኩ፤ ወንበሩ ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰውነቴ በልማድ ጨረሰው። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ ቴሪ አለቀሰ። እኔ በሩን በሩን አያለሁ።

አባዬ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ እየጠበቀኝ ነበር። ማየት አቅቶት ነው የወጣው። ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበና ስፒሉን ከጀርባዬ ላይ ይነቅል ጀመር።

"ደሙም ለተመልካች ነው?"

"ደሙ የእውነት ነው።"

ብዙ ነቀለ። ሁሉንም ኮፍያው ውስጥ ነው የሚጥላቸው።

"እኛ ስንፈርስ ማንም አላጨበጨበልንም" አለ።

እሑድ
አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰ። ጓደኞቹ "የልጅህ ድርጅት እንዴት ሆነ?" ብለው ሲጠይቁት "በሰላም ተበተነ" እንዳላቸው ነገረኝ። ሬስሊንግ የምትባል ቃል ከአፉ አልወጣችም። እኔም አላረምኩትም፤ ተበትነናል፣ ማንም አልታሰረም።

ቁስሉን ልጥረግልህ ብሎ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። አልኮሉ ሲነካኝ ዘለልኩ።

"ያማል?" አለ።

ያማል አልኩት። በጣም ነበር የሚያመው። አባዬ እየጠረገ፣ ዕንባዬ እየወረደ፣ ወንበሩ ላይ ቆየሁ።