በጣት የማይለዩ ሁለት ጠርሙሶች

ለተከበሩ የመድኃኒት ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ ፋብሪካዎ የዓይን ጠብታንና የጆሮ ጠብታን በአንድ ዓይነት ጠርሙስ ስለሚያቀርብልን ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የዓይንዎን ጤና አጥብቄ እመኛለሁ፤ የገዛ ምርትዎን በእጅዎ ዳስሰው ለመለየት የሚገደዱበት ቀን አይምጣብዎ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ። የምኖረው እናታችን ከሞተች ጀምሮ ካሳደገችኝ ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። ቀኝ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ በግራው ግን መስኮቱን ከግድግዳው የምትለይበት ጥቂት ብርሃን ቀርቶላት ነበር። ጆሮዋንም ስለሚያማት ሁለቱንም ጠብታዎች ትጠቀማለች።

አንደኛ፣ ጠርሙሶቹ በቁመት፣ በውፍረትና በክዳን አንድ ናቸው። ልዩነታቸው ዓይናማው እኔ እንኳ መነጽሬን አድርጌ መስኮት ሥር ቆሜ በማነባት ደቃቅ ጽሕፈት ብቻ ስለተገለጠ፣ ለቀለም ቁጠባዎ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ፋብሪካው በጣት የሚነበብ ምልክት ማውጣት አይችልም ብዬ እንዳላማዎ፣ አርማዎ በሁለቱም ጠርሙሶች ላይ ጎልቶ ወጥቷል። እህቴ ዳስሳ ማን እንደሠራው ታውቃለች፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ክብርዎን ለዓይነ ስውራን ጭምር ስላዳረሱ ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው።

እርስዎ ያልሠሩትን እህቴ ሠርታው ነበር። አዲስ የጆሮ ጠብታ በተገዛ ቁጥር አንገቱ ላይ ወፍራም ክር ሦስት ጊዜ ጠምጥማ ትቋጥርበታለች፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልተሳሳተችም።

ሦስተኛውን አቤቱታ ለማን እንደማቀርብ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት የቀድሞ ባልደረቦቼ ሊጠይቁን ሲመጡ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ያ ያደፈ ክር ቤታችንን የችግረኛ ቤት አስመሰለብኝና በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት። አልነገርኳትም። በማግስቱ ጠዋት የጆሮውን ጠብታ ግራ ዓይኗ ውስጥ ጨመረችው። ውኃ እያፈሰስኩ ሳጥብላት «ክሩስ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ወልቆ ይሆናል፣ እታለም» አልኳት። እኔ እንግዲህ የዋሸ ተማሪ አርባ ዓመት ሙሉ ከሰልፍ እያወጣሁ ስገሥጽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዓይኗ አሁን በፋሻ ተሸፍኗል፤ ያ ጥቂት ብርሃን መትረፍ አለመትረፉ የሚታወቀው ሐኪሙ ሲፈታው ነው።

ክቡርነትዎ፣ እርስዎ ስለ አርማዎ፣ እኔም ስለ እንግዶቼ ስንጨነቅ፣ ስለ ጣቶቿ ያሰበ ከመካከላችን አልተገኘም። ስለዚህ አርማዎ ጥቂት ጠበብ ብሎ ለአንዲት የምትዳሰስ ጉብታ ቦታ እንዲለቅላት በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

በጠርሙስዎ አሠራር የተገረምኩ፣ በራሴ ሥራ አንገቴን የደፋሁ፣ ምላሽዎን በደቃቅ ጽሕፈትም ቢሆን ለማንበብ የተዘጋጀሁ፣
የቀድሞ ርዕሰ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለእህቴ አነበብኩላት፤ ክሩን የቆረጥኩት እኔ መሆኔን የሰማችው ያኔ ነው። እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ይኼን ለእኔ ለመንገር ሥራ አስኪያጅ ያስፈልግህ ነበር?»