የኩባያው ቦታ

ጥቅምት 4

ሱቅ እስከ ስድስት ሰዓት። ሁለት ሬዲዮና አንድ ካውያ ጠገንኩ። ካውያ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ሰው ሲለምነኝ እምቢ ማለት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ከጋሼ ጋር ወደ አሮጌው የጦር ሰፈር። ሦስት ሚስማር፣ አንድ የጥይት ቀለህ፣ አንድ ምንነቱ ያልታወቀ ብረት። ጋሼ ጡረታ ከወጡ በኋላም ቀያሽነታቸው አለቀቃቸውም። ሜዳውን በሲባጎ ካሬ ካሬ ያደርጉታል። የብረት መፈለጊያ ማሽኔ ሲጮህ ችካል ይተክላሉ፣ ሜትር ይዘረጋሉ፣ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ማንሳት የሚፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው። ለአንድ የዛገ ሚስማር ግማሽ ሰዓት...

ዛሬም አፈሩን መጫር ስጀምር እጄን መታ አደረጉኝ። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።» አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይኸው ጅብ ነኝ።

ጥቅምት 9

ያገኘናቸውን ዕቃዎች ለሕዝብ አሳየን፣ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ። ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ በየዕቃው ሥር ቁጥር። ከጠበቅነው በላይ ሰው መጣ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊዋን ይዛ መጣች፤ ከድሮ ጀምሮ የምትሰፋላት እሷ ናት።

ሴትየዋ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ዞረች፤ መግዛት ሳትፈልግ ሱቅ እንደገባች ሰው። ቁጥር 212 ጋ ስትደርስ ቆመች። የቆርቆሮ ኩባያ ነው። ልገልብጠው ወይ ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ከሥሩ በሹል ነገር የተጫረ መቀስ አለ፤ አንደኛው ቀለበቱ ከሌላው ይተልቃል። እኛ ጨዋታ መስሎን ነበር። እሷ ግን አጠገቧ ካለው የእንጨት ሳጥን ላይ ቁጭ አለች።

አባቷ የጦሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ያላቸው ዕቃ ሁሉ ላይ ይህንኑ መቀስ ይጭሩ ነበር፤ ዛሬም የምትለካበት የእንጨት ማስመሪያ ላይ አለ። ሲዘምቱ አራት ዓመቷ። ደብዳቤ የለ፣ ሬሳ የለ። እናቷ ሞቷል ይላሉ። የአባቷ እህቶች ከድቶ ሌላ ሴት አግብቷል ይላሉ። ሃምሳ አንድ ዓመት እንዲህ ተባብለዋል።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «የት ነው የተገኘው?»

ጋሼ ደብተሩን ገለጡ። ጣታቸው ወረደ፣ ቆመ። «ከቆሻሻ ጉድጓዱ።» ጋሼ ነገርን አስረድተው ካልጨረሱ አይሆንላቸውም፤ ቀጠሉ። በሽታ የጣላቸው ሰዎች ዕቃ ተዳፋቱ ላይ፣ የሕመምተኞቹ ድንኳን አካባቢ ነው የሚገኘው። ሰፈሩ ሲነሣ ጤነኞቹ የማይሸከሙትን ጉድጓድ ጣሉ። ስለዚህ የዚህ ኩባያ ባለቤት...

«በእግሩ ሄዷል» አለች። ኩባያውን በሁለት እጇ መለሰች። አመሰገነች።

እኔ ሚስማሮቹን አስተካክል ነበር። የተዛነፈ ሚስማር አልነበረም።

ጥቅምት 10

ልጻፈው። ይህን ደብተር የሚያነበው የለም።

ከቆሻሻ ጉድጓዱ አይደለም።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ጋሼ በወገብ ሕመም ተኝተው ነበር፤ እስኪነሡ ላንሄድ ተስማምተናል። ብቻዬን ሄድኩ። ተዳፋቱ ላይ፣ ከሕመምተኞቹ ድንኳን በታች። ሲባጎ የለ፣ ችካል የለ። ማሽኑ ጮኸ፣ ቆፈርኩ። ኩባያው። አጠገቡ የልብስ ቁልፍ። ቀጥሎ ሌላ... አምስት፣ በአንድ መስመር፣ እኩል እኩል ተራርቀው። ከበታቻቸው የቀበቶ ዘለበት።

ቁልፍ እንዲህ ተሰልፎ አይወድቅም። ኮት ነበር፤ ኮቱ በሰበሰ። ኮቱ ውስጥስ? አውቄዋለሁ። ያን ጊዜም አውቄዋለሁ። ፈራሁ፣ አፈሩን መለስኩበት። ኩባያውን ግን አልመለስኩም። ለምን? እንጃ። ባዶ እጅ መመለስ አልወድም።

ለጋሼ፣ ከጉድጓዱ ካወጣነው የአፈር ክምር ውስጥ አገኘሁት አልኳቸው። አምነው ጻፉ። የሸሸሁት ቁጣቸውን ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አርባ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው፣ ቁጣ ፈርቶ።

ጥቅምት 13

ልነግራቸው ሄጄ ነበር። አዲስ ደብተር ላይ በማስመሪያ መስመር እያሰመሩ አገኘኋቸው። ሻይ ጠጣን። ስለ ወገባቸው አወራን። ተመለስኩ።

ጥቅምት 16

ባለቤቴ ልብስ ልትለካ ሄዳ ወሬ ይዛ መጣች። ልብስ ሰፊዋ ነገሩን ለእናቷ ነግራቸዋለች። አሮጊቷ እስኪመሽ ጠበቁ። ከዚያ «ሌላ ቀለም ስፊልኝ» አሉ። ሃምሳ አንድ ዓመት የለበሱትን ጥቁር አወለቁ። ሰማያዊ እየተሰፋላቸው ነው። ባለቤቴ ደስ ብሏታል፤ ቀለም እንዴት ያምርባቸዋል መሰለህ ትላለች።

ራሴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ።

ምናልባት ቀለል ብሏቸው ይሆን? መጠበቅ ቀርቶላቸው? ... ይህን የማስበው ለማን ብዬ ነው?

ጥቅምት 20

ነገ እነግራታለሁ።

ጥቅምት 21

አልነገርኳትም። ሱቅ ሰው በዝቶ ነበር። አልበዛም።

ጥቅምት 25

አሮጊቷ አረፉ። በሰማያዊው ልብስ ተቀበሩ።

ቀብር ላይ አንዲት ጎረቤት ከጀርባዬ ስታወራ ሰማሁ። አልጋቸው ፊት ለፊት የባላቸው ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር። ባለፈው ሳምንት አስወረዱት። «በዚያ ሰውዬ ፊት አልሞትም» ብለው።

በዚያ ሰውዬ ፊት። ሰውየው ተዳፋቱ ላይ ተኝቷል፤ ኮቱን እንደቆለፈ።

ጥቅምት 26

ለጋሼ ነገርኳቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«እንዴት ልመንህ?»

ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ይገልጡ ጀመር፣ ቀስ ብለው፣ ቁጥር በቁጥር። እያንዳንዱን የሚጠራጠሩት መሰለኝ። አብረን እንሂድና እንንገራት ስላቸው ቀና አላሉም። «ብቻህን ሂድ። ያኔም ብቻህን ነበርክ።»

ሄድኩ። የስፌት መኪናው በመካከላችን፣ መርፌው ሥር ጨርቅ። ቁጭ በል አላለችኝም። ቁልፎቹ ጋ ስደርስ እግሯ መርገጫው ላይ ቆመ።

«ውሸት መሆኑን ለእኔ መንገር የነበረብህ መቼ ነው?»

«ያን ቀን። አዳራሹ ውስጥ።»

በጣቷ ቆጠረች። አላለቀሰችም። «እናቴ አሥራ ስድስት ቀን ነበራት» አለች።

ከዚያ ጨርቁን አጥፋ አስቀመጠች። «ቦታውን ታሳየኛለህ።»

ኅዳር 1

ተዳፋቱ። ሦስታችንም ነበርን።

ቦታው የለም። ማለቴ አለ፤ እኔ ነኝ የማላውቀው። የሦስት ዓመት ዝናብ አፈሩን አንሸራቶታል። አንድ ቁጥቋጦ ምልክቴ ነበር... ቁጥቋጦው ሁሉ አንድ ነው። ከዚህ እስከ፣ እስከ እዚያ አልኩ፣ እጄን እያወዛወዝኩ።

ልብስ ሰፊዋ ከእኔ አንድ እርምጃ ራቅ ብላ ቆማለች። ወደ ጋሼ ዞረች። «ጋሼ፣ ከየት እስከ የት እንደሆነ ሰውየውን ይጠይቁልኝ።»

በእግሬ ዞሬ አሳየሁ። ጋሼ ለኩት። አርባ ሜትር በሃያ አምስት። አንድ ሰው ለማስተኛት ይህ ሁሉ መሬት።

ደብተሩን ሰጡኝ። ቁጥር 212። ልደልዘው ስል እጄን ያዙኝ፤ ድሮ የተጻፈው ይነበባል፣ አንድ መስመር አስምርበትና ከጎኑ ጻፍ አሉ። ጻፍኩ። «ከተዳፋቱ። ትክክለኛው ቦታ አይታወቅም። ያገኘው ሰው ምልክት አላደረገም፤ በኋላም ዋሽቷል።»

ኅዳር 22

እሑድ። ለሦስተኛ ጊዜ ወጣን። ጋሼ ሲባጎውን ከአንድ ወገን ይይዛሉ፣ ልብስ ሰፊዋ ከሌላው። ከእኔ ይልቅ እሷ አጥብቃ ትወጥረዋለች፤ ዕድሜዋን ያሳለፈችው ከክር ጋር ነው። ለእኔ የምትለውን ሁሉ አሁንም በጋሼ በኩል ነው የምታስተላልፈው። ጋሼም «ማሽኑ ፈቀቅ ይበል ብላለች» ይሉኛል፣ እኔ ጆሮ የሌለኝ ይመስል። አንድ ጊዜ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። አላረጋገጥኩም።

አሥራ ሰባተኛው ካሬ ላይ ማሽኑ ጮኸ። በለሆሳስ፣ ነሐስ ሲሆን እንደሚጮኸው። በጣቴ አፈሩን ጠረግ አደረግሁ። የልብስ ቁልፍ። አንድ ብቻ። የማንኛውም ወታደር ሊሆን ይችላል። ሺህ ሰው ሰፍሮበታል...

እጄ ይዞታል። መቼ እንደያዘው አላየሁትም።

ለቀቅሁት። ችካል ተከልኩ።

ጋሼ ግርጌ ናቸው፤ በዚያ ወገብ ዳገቱን ለመውጣት ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ልብስ ሰፊዋ ሲባጎውን አስቀምጣ መጣች። ጎንበስ ብላ ቁልፉን አየች። ረዥም ጊዜ አየችው።

«አታነሳውም?» አለች። ለእኔ ነው። ሌላ ሰው አልነበረም።

«ጋሼ ይምጡና።»

ከችካሉ ወዲያ ማዶ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔም ከወዲህ። ጋሼ ሁለት ጊዜ ቆመው ሲያርፉ አየናቸው።

ጠበቅናቸው።