ቶሎ የሚግል ካውያ ፍለጋ

ሰኞ፣ ሰኔ 4፣ 1999። ጠዋት

የብየዳ ካውያውን ሰክቻለሁ። አልጋለም። ሻይ አፈላሁ፣ ጠጣሁ፣ ስኒዬን አጠብኩ። አሁንም አልጋለም። እርጥቡ ስፖንጅ ላይ ነካ አደረግኩት፤ የጋለ ካውያ «ጭስስ» ይላል፣ ይሄ ግን እንደ ደከመው ሰው ይተነፍሳል። እስኪነቃ ድረስ ካንቺ ጋር ላውራ፣ ደብተሬ።

ውጭ ካፊያ። ሰኔ እዚህ ሰው አገር፣ ላቪንግተን ሰፈር፣ አጥንት የሚገባ ብርድ ነው። ወርክሾፓችን ደግሞ ከቢሮው ጓሮ ያለ አሮጌ ጋራዥ። የእርዳታ ድርጅት ሲባል ሰው ሌላ ነገር ያስባል።

ከሞያሌ መንገድ የመጣው የመኪና ሬዲዮ ፊቴ ተቀምጧል። እኔ ነበርኩ የጠገንኩት። ተመልሶ መጣ። በቅርብ ጊዜ ተመልሶ የመጣ የኔ ሥራ እሱ ብቻም አይደለም። ሾፌሩ አብዲ መኪናው በረሃ ላይ ቆሞበት ቢጣራ ቢጣራ የሚሰማው አጥቶ እዚያው አድሯል። ደህና ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ አፈርኩ።

ከፍቼ አየሁት። አንዷ የብየዳ ነጥብ ተሰንጥቃለች። ሊዱ፣ የሚበየድበት ለስላሳ ብረት፣ በደንብ ሳይቀልጥ ነው የያዘው። ጥፋተኛው ካውያው ነው! ወፍራም የመዳብ መስመር ላይ ሲደርስ ሙቀቱን ሁሉ ይነጠቃል። እንዳይነጠቅ ብዬ እስከ መጨረሻ ሳግለው ደግሞ ቀጭኑን መስመር ከቦርዱ ያነሳብኛል። የዚህ ካውያ ዕድሜ እዚህ ላይ አበቃ። አዲስ ስቴሽን፣ ካውያ ከነማሞቂያ ሳጥኑ፣ እጠይቃለሁ። ቶሎ የሚግል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 5

አለቃዬ እሺ አለ። ሆላንዳዊ ነው፣ እሺ ሲል ፊቱ አይለወጥም። መርጠሽ አምጪ፣ ለምን እሱን እንደመረጥሽም አስረጂኝ፣ እኔ እፈርማለሁ አለኝ። ደስ አለኝ። ለኔ መሣሪያ ምረጪ ማለት ለሌላ ሴት ጨርቅ ምረጪ እንደማለት ነው።

ለዋንጂሩ ነገርኳት (ከአሁን በኋላ «ዋ.»፤ ሙሉውን መጻፍ ይሰለቸኛል)። ዓመታት አብረን ሠርተናል። ግራኝ ናት፤ ክርናችን እንዳይጋጭ ጠረጴዛዋ ከኔ በስተግራ ነው። ነገሩን እንደ ቁም ነገር አልያዘችውም። ያለ ወተት የምጠጣውን ሻይ እያየች ራሷን ነቀነቀች። ጾም ነው ብዬ ስንቴ ነግሬያታለሁ። ሻይ ያለ ወተት ለሷ የታመመ ሰው መጠጥ ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 6። ማታ

ከልጄ ከሄለን ጋር ሳይበር ካፌ አመሸን። ብዙ አነበብኩ። ጭንቅላቴ ሞልቷል፣ ደስ የሚል ሙላት።

የገባኝን ልጻፍ። በአሮጌው ካውያ ማሞቂያው እጀታው ውስጥ ነው፣ ጫፉ ከላዩ ይጠለቅበታል። መሃል ክፍተት አለ። ሙቀቱ መንገድ ላይ ይቀራል። በአዲሶቹ ማሞቂያውም ሙቀት ለኪውም ራሱ ጫፉ ውስጥ ናቸው። ውሃ ከጓሮ ቧንቧ በባልዲ ማመላለስና ቧንቧውን ኩሽና ድረስ ማስገባት ያህል ይለያያል። ለካ ለዚህ ነው!

ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። ሁሉም «ቶሎ ይግላል» እያሉ ይፎክራሉ። ጠዋት አንዴ ቶሎ መጋሉ ምን ያደርግልኛል? ሻዬን ያስተወኛል እንጂ። ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ወፍራም ብረት ነክቶ ሙቀቱን ከሰጠ በኋላ በምን ያህል ፍጥነት ይመልሰዋል? ይሄን ማንም በግልጽ አይጽፍም። ስለዚህ በእጄ መሞከር አለብኝ።

ሄለን ሳቀችብኝ። ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ ስለ አንድ ብረት ነው እንዲህ የምትሆኚው አለችኝ። እሷ ዘንድሮ የመጨረሻ ፈተናዋ ነው፤ ከፈተና በቀር የሚያስደስታትም የሚያስጨንቃትም የለም።

ዓርብ፣ ሰኔ 8። ከሰዓት በኋላ

መሃል ከተማ ወረድኩ። ማታቱው፣ ሚኒባሱ፣ ውስጥ ቦርሳዬን እንደ ሕፃን አቅፌ። የሬዲዮውን ቦርድ በፎጣ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ሚስተር ጂቫን የሚባል ሽማግሌ ባለሱቅ አለ፤ የራስሽን ቦርድ ይዘሽ ነይ፣ በራስሽ ሥራ ፈትኚው ይላል። እንደሱ ያለ ነጋዴ ይባረክ።

ሁለት ስቴሽን አወጣልኝ። አንደኛው እጀታው ቀጭን፣ እንደ እስክሪብቶ። ሁለተኛው ወፈር ያለ፣ ጉልበታም።

የቀጭኑን ማብሪያ ተጫንኩና እስኪግል ብዬ ዘወር አልኩ። ስለ ዝናቡ ላወራው። ባለሱቁ ሳቀ። «ማዳም፣ እሱ ነው እኮ አንቺን የሚጠብቀው» አለኝ። በስመ አብ ብዬ ሳልጨርስ ግሏል! ይሄን ሁሉ ዓመት ስጠብቅ ኖሬ ጥበቃው ራሱ ልማድ ሆኖብኛል። እኔም ሳቅኩ።

ወፍራሙ መስመር ላይ አደረግኩት። ሊዱ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ሌላ ነጥብ። ሌላ። አልደከመም። ሁለተኛውም ያው፣ እንዲያውም ይበልጠዋል። ልቤ ግን ቀጭኑ ላይ ነው። እጄ ላይ ያምራል።

ከዚያ ቀጭኑን መስመር በማጉያ መነጽሩ ሥር ልሥራ አልኩ። እዚህ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ጫፉ ይንቀሳቀሳል። ትንሽ። ወዲህ ወዲያ።

ጠረጴዛው ነው አልኩ። ክርኔን አነሳሁ። ያው። ደጅ የሚያልፉት አውቶቡሶች ናቸው አልኩ። አውቶቡስ እስኪያልፍ ጠበቅኩ። ያው። ሚስተር ጂቫን እስቲ አንተ ያዝልኝ አልኩት። ያዘው። ጫፉ ቀጥ አለ።

አመሰግናለሁ፣ አስቤበት እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ረጅም መንገድ ተራመድኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 9

ዛሬ እጄን እንደ ብልሹ ሬዲዮ ያዝኩት። አንዳንዴ ብቻ የሚታይ ብልሽት። እንዲህ ዓይነቱን ለመያዝ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥሽ ታያለሽ፤ ለሁሉም ያስተማርኩት ይሄንኑ ነው።

ቡና ተውኩ። ያው። ተኛሁ፣ ጠግቤ። ያው። ክንዴን ጠረጴዛው ላይ ሳሳርፍ ይቀንሳል፣ አይጠፋም። እጄ ጭኔ ላይ ሲያርፍ ምንም። ለሄለን ሻይ ስቀዳ ማንቆርቆሪያው የስኒውን ከንፈር መታ፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ሄለን ቀና ብላ አላየችም። ለምዳዋለች ማለት ነው? ከመቼ ጀምሮ?

አባቴ ብርጭቆ በሁለት እጁ ነበር የሚይዘው። የሱ ደንብ ይመስለኝ ነበር።

እፈራለሁ። እውነቱን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? የሥራ ፈቃዴ ላይ የተጻፈው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ሌላ አይደለም። እጄ ካልሠራ ፈቃዱ የለም። ፈቃዱ ከሌለ ኪሌሌሽዋ ያለው ቤታችን የለም፣ ሄለን ከፈተናዋ ደጃፍ ላይ ትመለሳለች። ያገሬ ሰው ሁሉ ለሚሌኒየሙ አዲስ አበባ እገባለሁ ብሎ ቲኬት ይቆርጣል። እኔ እዚህ ለመቅረት እለምናለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 12። የሚካኤል ዕለት

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዶ/ሩ ወጣት ነው፣ ትዕግሥተኛ። ጠመዝማዛ መስመር ሥሪ አለኝ። ሠራሁ። ወረቀቱን ሳየው የኔ አልመሰለኝም። እጆችሽን ዘርጊ፣ አፍንጫሽን ንኪ፣ ተራመጂ። ጥያቄ አበዛሁበት፤ ለምን እጄ ሲያርፍ ይጠፋል? ለምን ስዘረጋው ይመጣል? ደስ ብሎት መለሰልኝ። የፈራሁት፣ ያ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጠው ክፉ በሽታ አይደለም። እሱ ሲያርፉ ነው የሚንቀጠቀጠው። የኔ ዓይነቱ በዘር ይወርዳል፣ አይገድልም፣ ከዕድሜ ጋር ቀስ እያለ ይጨምራል። መድኃኒት ይቀንሰው ይሆናል፤ ጨርሶ አያጠፋውም።

ሥራዬን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከዚያ እሱን የምትወስኚው አንቺ ነሽ አለኝ። እንደዚያ ባይል ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 13

አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። እጄ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ከሆነ፣ ለምን የተመለሱት ሬዲዮዎች ጥቂት ብቻ ሆኑ? ብዙ ነው የምሠራው። ብዙ መመለስ ነበረበት። አይገጥምም። የማይገጥም ነገር ሲኖር ደግሞ እንቅልፍ የለኝም።

ዋ. ለምሳ ስትወጣ መደርደሪያ ላይ ለጉዞ የተዘጋጁትን ሬዲዮዎች ከፈትኩ። የኔ ጥገናዎች። በማጉያ አየኋቸው። የሚያምሩ ብየዳዎች። የሚያብረቀርቁ፣ ሙሉ። ኮራሁ፣ ለትንሽ ጊዜ።

ከዚያ አየሁት። ካውያ ሲነሳ ሊዱ ላይ ቀጭን ጭራ ይተዋል፣ ወደተነሳበት አቅጣጫ። እኔ ካውያዬን ወደ ቀኝ ነው የማነሳው። እነዚህ ጭራዎች ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው። ሁሉም።

ተቀመጥኩ። የተመለሱብኝ ሬዲዮዎች መቼ እንደወጡ አስታወስኩ። ዋ. እናቷን ለማስታመም ኒየሪ በሄደችበት ጊዜ ነው። እሷ ባልነበረችበት። አብዲን በረሃ ያሳደረው ካውያው አይደለም። እኔ ነኝ።

ስትመለስ ክፍት ሬዲዮውን ፊቷ አስቀመጥኩት። አየችው፣ አየችኝ፣ ቦርሳዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ጠዋት ጠዋት ከኔ ቀድማ እየገባች እንደምትደግማቸው ነገረችኝ። የሚያስፈልጋቸውን ብቻ ነበር አለች፤ መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ፣ ኋላ ግን በዙ።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ማማ ሄለን፣ ብነግርሽ ሥራውን ትለቂ ነበር» አለችኝ። «ብልሽቱ የት እንደሆነ የሚያገኝልኝ ሰው ደግሞ ካንቺ ሌላ የለኝም። እኔ መበየድ ነው የማውቀው። አንቺ ሬዲዮው ሲታመም ትሰሚዋለሽ።»

ተናደድኩባት። እንደ ልጅ ከኋላዬ ስታስተካክልልኝ መኖሯ አቃጠለኝ። ደግሞም ወደድኳት። ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ፣ የትኛውን ላስቀድም አላወቅኩም፣ አለቀስኩ። ሻይ አፈላችልኝ። ወተት አልጨመረችም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 14

ዋ.ን ይዤ መሃል ከተማ። እስከ ዛሬ አንድም ቀን በየትኛው ካውያ መሥራት ትወጃለሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ሁሉም ነገር ለቀኝ እጅ ነበር የተቀመጠው፣ ማስቀመጫው፣ ስፖንጁ፣ ሽቦው። ይሄን ሁሉ ጊዜ እጇን አጣምማ ነው የሠራችው።

ሚስተር ጂቫን ሁለቱንም አወጣ። ቀጭኑን ያዘች። ቆንጆ ነው አለች፣ አስቀመጠችው። ወፍራሙን ያዘች፣ በግራ እጇ። ማስቀመጫውን ነቅላ ወደ ግራ አዞረችው። ዞረ! የቀጭኑ አይዞርም፤ እኔ ይሄን ልብ አላልኩም። የሬዲዮውን ቦርድ ሰጠኋት። እኔ የተሰነጠቀውን ነጥብ በጣቴ አሳየኋት፣ እሷ በየደችው። ከዚያ ሌላ ነጥብ ጠረጠርኩ፤ አሳየኋት፤ በየደች። ባለሱቁ ወንበር አመጣልን፤ ለካ ቆይተናል።

ለቀጭኑ ተሟገትኩ። ቀላል ነው፣ እጅ አያደክምም፣ ጫፉ ለእጅ ቅርብ ነው። ሁሉንም ሰማችኝ። ማማ ሄለን፣ ወፍራሙ ነው የሚሻለኝ አለች። የምትይዘው እሷ ናት። ተሸነፍኩ።

ማታ ለሄለን ሁሉንም ነገርኳት። እጄን፣ ፈቃዱን፣ ሊመጣ የሚችለውን። ስለ ሻይ ማንቆርቆሪያው ድምፅ ጠየቅኳት። ማሚ፣ አይ ኖው፣ አውቃለሁ፣ ቆይቷል እኮ አለች፤ ካልነገርሽኝ ላለመናገር ወስኜ ነበር። ቤቴ ውስጥም ወርክሾፔ ውስጥም የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዓርብ፣ ሰኔ 15። ጠዋት

በአለቃዬ በር ላይ ተቀምጫለሁ። ስልክ ላይ ነው። የግዢው ወረቀት ጭኔ ላይ። መጻፌን ሳቆም እጄ እዚያው ላይ ያርፋል፣ ቀጥ ብሎ።

ሰይጣን ያማክረኛል። መጀመሪያ አስፈርሚው ይላል። ካውያው ይገዛ፣ ሄለን ትፈተን፣ ከዚያ ትነግሪዋለሽ። ማን ይጎዳል? ዋ. እንደሆነች ጠዋት ጠዋት ማስተካከሏን አትተውም።

ግን ዋ. አንድ ቀን እንደገና ኒየሪ ትሄዳለች። አብዲ ደግሞ ሁልጊዜ በረሃ ነው።

ምን እንደምጠይቀው አውቄያለሁ። ብልሽት መፈለግ የኔ፣ መበየድ የዋ. ይሁን። ፈቃዴ ላይ የሥራዬን ስም አስለውጥልኝ። ይቻል እንደሆነ አላውቅም። ወዳገራችን ሊልከን ይችላል፣ አዎ፣ እኔንም ሄለንንም ከነሻንጣችን። ዋ. እንደምነግረው ታውቃለች፤ ከወርክሾፑ ስወጣ ደጅ ላይ ቆማ ነበር።

መጀመሪያ ስለ እጄ። ከዚያ ስለ ካውያው። የግዢውን ወረቀት እስከዚያ አላሳየውም፣ እንዲያውም አሁኑኑ ቦርሳዬ ውስጥ ልክተተ—

ጠራኝ።