የመሰላሉን ልክ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ስለ መጻፌ

ለተከበሩ የመሰላል ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደ ወርኃዊ ሪፖርትዎ እንከን የማይወጣለት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በጥራት ክፍልዎ ሦስት ወር ተለማምጄ “የላቀች ተለማማጅ” የሚል ምስክር ወረቀት ከእጅዎ የተቀበልኩ የምህንድስና ተማሪ ስሆን፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ የፊታችን ሐሙስ እትዬ ሚሊሜትርን “በብቃት ማነስ” ለማሰናበት ከመቀመጡ በፊት ይህን እንዲያነቡልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ለማያውቋቸው አንባቢያን፣ እትዬ ሚሊሜትር ሠራተኛው ያወጣላቸው ስም ነው። የሁለተኛው መስመር ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሰዓቱ አምስት አምስት መሰላል እያነሡ፣ መርገጫው ከቋሚው ጋር የሚያያዝበትን ቀዳዳ ሚሊሜትር በሚለየው መለኪያ፣ በካሊፐር፣ ሳይለኩ አንዲት ቁጥር ጽፈው አያውቁም።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. የፈረቃ ኃላፊዎ በመጀመሪያው ሳምንት ስላካፈሉኝ ጥበብ አመሰግናለሁ። የተመደብኩበትን የአንደኛውን መስመር የሙሉ ቀን የልኬት ቅጽ ጠዋት፣ ማሽኑ ሳይነሣ መሙላት እንደሚቻል የተማርኩት ከእርሳቸው ነው። “ሁሉንም አንድ ዓይነት አታድርጊው፣ ኦዲተር ይነቃል፤ አንዱን ትንሽ ከፍ፣ አንዱን ትንሽ ዝቅ” አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ በአራት ዓመት ያላስተማረኝን በአንድ ጠዋት ጨረስኩት። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ። ካሊፐሩ ከመሳቢያዬ ወጥቶ አያውቅም።

፪ኛ. በመዝጊያው ዕለት የሁለቱን መስመሮች ግራፍ ጎን ለጎን እንዳሳይ ስለፈቀዱልኝም አመሰግናለሁ። የእኔ እንደተነጠፈ አንሶላ ልሙጥ ነበር፤ የእትዬ ሚሊሜትር ወጣ ገባ ስለበዛው ቀይ ቀባሁት። እርስዎም “ልጅቷ በሦስት ወር ያስተካከለችው እርሳቸውን በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አቃታቸው” ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። የእርሳቸው ቁጥር ወጣ ገባ የሆነው የተለካ ስለሆነ ነበር። ይህን የምናውቀው እኔና የፈረቃ ኃላፊው ብቻ ነበርን፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ጭብጨባውን ተቀበልኩ።

፫ኛ. እትዬ ሚሊሜትር በሩ ላይ ጠበቁኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ፣ “የኔ ልጅ፣ ካሊፐሩን እንዴት አድርገሽ ነው የምትይዢው? እስቲ አሳዪኝ፣ እጄ አርጅቶ ይሆናል” አሉኝ። ከእኔ ሊማሩ ነበር የመጡት። “ነገ አሳይዎታለሁ” ብዬ ሸሸሁ። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ለዚህኛው የማመሰግነው ሰው ፈልጌ ከራሴ ሌላ አጣሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ አልቀየምም፤ እውነትዎን ነው። ብቻ ኮሚቴው ጥፋተኛ ካስፈለገው እኔ አለሁ። የአንደኛው መስመር የሦስት ወር ቅጾች በሙሉ በእጄ የተጻፉ ፈጠራዎቼ ናቸው። ምስክር ወረቀቱን ከነፍሬሙ መልሻለሁ፤ እትዬ ሚሊሜትርን ከመስመራቸው አያንሡብኝ።

ለጥራት ያለዎትን፣ በካሊፐር የማይደረስበትን ፍቅር እያደነቅሁ፣ ከብዙ አክብሮትና ከዚያ ከሚበዛ ኀፍረት ጋር፣

የቀድሞዋ የላቀች ተለማማጅዎ

ማሳሰቢያ፦ ለእኔ ክብር ከዋናው በር አናት ላይ የሰቀሉትን “ጉድለት ዜሮ” የሚል ባነር ለማውረድ ከወሰኑ፣ የሚወጣው ጥበቃ የልጆች አባት ነውና፣ እባክዎ መሰላሉን ከሁለተኛው መስመር ያስመጡለት።