«አልፈልግም» ያሰኙኝ አባቴ

ይድረስ ለአባባ፣ ለመሪጌታው አባቴ፤

ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ሙት ዓመትዎን አውጥተናል። የበላ የጠጣው ሁሉ «ነፍስ ይማር» እያለ ሄደ። እኔ ግን ሳስተናግድ ዋልኩና ያቺን ቃል ሳልናገር አመሸሁ። ተቆጥቼብዎ ነበር፤ አሁንም እንደተቆጣሁ ነኝ።

ቤቱ ደህና ነው። እማዬን ጉልበቷን ያማታል። መቋሚያዎን ለአጎቴ ሰጠችው። ታናሽ እህቴ ፋሲካ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች፤ ውጤቷ ከእኔም ይበልጣል። እኔ እዚያው ላሊበላ፣ ያው ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ቁልፍ እሰጣለሁ፣ ሲጠፋ አቧራ እወለውላለሁ።

ኢንተርኔት ቤት የሄድንበትን ቀን ያስታውሱታል? ጋቢዎን ደርበው ከኋላዬ ቆመው ነበር። የውጭ አገሩ ኮሌጅ ማመልከቻ «የገንዘብ እርዳታ ትፈልጊያለሽ?» ይላል። ጎረቤታችን አስጎብኚው፣ እርዳታ የጠየቀ ሰው ማመልከቻ ከሁሉ በፊት ይጣላል ብሎ ነግሮዎት ነበር። ከየት እንደሰማው አልጠየቁትም። ኮሌጁን ጽፈን እንጠይቅ ብዬ ለመንኩዎት። እርስዎ ግን «የለማኝ ልጅ እንዳይሉሽ፤ አልፈልግም በዪ» አሉኝ። አልኩ።

ተቀበሉኝ። እማዬ እልል አለች፣ እርስዎም ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። ከዚያ የክፍያው ወረቀት መጣ፤ ቤታችን ከነከብቶቹ ቢሸጥ የማይደርስበት። እርዳታ እንዲሰጡኝ ጻፍኩ። ሲያመለክት ያልጠየቀ ተማሪ በኋላ መጠየቅ አይችልም ብለው መለሱልኝ። ደግሞ ምን አሉኝ መሰለዎት፤ እነሱ ዘንድ እርዳታ መጠየቅ ከመግባት አያግድም ነበር። ይህን ተርጉሜ ሳነብልዎት ጋቢዎን አነሱና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። 

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በልጅነትዎ ዋድላ ሄደው ቅኔ ሲማሩ አኩፋዳ አንግተው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ ለምነው አልነበር? ውሻ የነከሰዎትን ጠባሳ እንደ ሽልማት ያሳዩን ነበር። የባለጸጋ ልጅ እንኳ ቁራሽ ሳይለምን ትምህርት አይዘልቀውም ይሉን ነበር። ታዲያ ለእርስዎ ክብር የሆነው ልመና ለእኔ እንዴት ነውር ሆነ? አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል፤ የእኔን አፍ ግን እርስዎ ዘጉት።

አሁን ተራው የፋሲካ ነው። የአስጎብኚ ወሬ አልሰማሁም፤ ለሁለት ኮሌጆች ጽፈን ጠየቅን። አንዱ ተማሪ ስመርጥ የአመልካቹን ኪስ አላይም አለ። ሌላው ለእርዳታ የያዝኩት ገንዘብ ጥቂት ስለሆነ ኪስ አያለሁ ብሎ ሳይሸሽግ ነገረን። አስጎብኚው ግማሽ እውነት ነበረው ማለት ነው። እርስዎ ግን የእኔ ኮሌጅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይጠይቁ ፈረዱብኝ።

ፋሲካ ለሁለቱም «እፈልጋለሁ» አለች። ኪስ የሚያየው አልተቀበላትም። በመጠየቋ ይሁን በሌላ፣ አናውቅም። ሁለት ቀን አለቀሰችና ተነሳች። ተቀብለውት መክፈል አቅቶት የቀረ ሰው ስንት ቀን እንደሚያለቅስ እኔ አውቃለሁ። የሌላኛው መልስ ገና አልመጣም።

እማዬ አኩፋዳዎን ለአብነት ተማሪዎች ልትሰጠው ነበር። ከለከልኳት። የፋሲካ ወረቀቶች እሱ ውስጥ ናቸው።

ነፍስ ይማር የምልዎት ቀን ይመጣ ይሆናል፤ ዛሬ ግን አልችልም። አልረሳዎትም፣ ይህን ቃል እገባለሁ። የማስታውሰው ዋድላ በሰው ደጅ ቆሞ ይለምን የነበረውን ልጅ ነው። ያን ቀን ከኋላዬ የቆመው እሱ ቢሆን ኖሮ፣ «ጠይቂ» ይለኝ ነበር።

ልጅዎ ጽጌ